ባቲ ነው ለሚሉን

ይህች መጽሔት ወደ ማባዣው ከመግባቷ በፊት፣ ከግቢው ካፌ ደጃፍ ላይ አንድ አንባቢያችን አስቆመንና «የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ናት ብዬ ነው የማነባት፤ በዚህኛው እትም ስለ ጌም ልትጽፉ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን። እውነት ነው አልነው። «ኧረ ምን ነካችሁ!» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ይህ ጽሑፍ በከፊል የእሱ መልስ ነው። በይበልጥ ግን የተጻፈው እሱን በሩቁ ያስቆጣውን ክርክር ላስነሱት፣ ከዶርም ዶርም እየዞሩ «ባቲ ነው! ባቲ ነው!» ሲሉ ለከረሙት ወገኖቻችን ነው። ዋናው ጠባችን ከእነሱ ጋር ነው። ትንሽ ደግሞ ከራሳችን ጋር፤ እዚያ ላይ ኋላ እንደርሳለን።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰ አንድ ጓዳችን «አንደርቴል» የሚባል ጌም በፍላሽ ይዞ መጣና በሳምንት ውስጥ ሕንፃውን በሙሉ እንደ ጉንፋን አዳረሰው። ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጌም ነው፤ ታሪኩንም ሙዚቃውንም የደረሰው እሱ ነው። ሥዕሉ የድሮ ጌም መስሎ በነጥብ በነጥብ የተሠራ በመሆኑ አሮጌ ላፕቶፕ አይከብደውም። በእኛ ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ አንዋሽም።

ጌም ለማይጫወት አንባቢ አንድ ቃል እናስረዳ። «ቦስ» ማለት ከአንድ ምዕራፍ ወደ ሌላው እንዳታልፍ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ዋና ጠላት ነው። ሌላው ጠላት ሁሉ ጭፍራ ነው፤ ቦስ አለቃው ነው። ለቦስ የራሱ ዜማ ይሠራለታል፤ ዜማው ሲነሳ መዳፍህ ያልብሃል። በአንደርቴል ካሉት ቦሶች ሁሉ ስሙ የገነነው ሳንስ የሚባል አጽም ነው። ሰማያዊ ሹራብ ደርቦ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ሲቀልድ የሚውል፣ ሥራ የማይወድ አጽም። ተጫዋቹ ደግ ከሆነ ከሳንስ ጋር ጨርሶ አይዋጋም። ሳንስ ጠላት ሆኖ የሚመጣው ተጫዋቹ በመንገዱ ያገኘውን ፍጡር አንድ ሳያስቀር ገድሎ ሲጨርስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አጽሙ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጥቂት ያናግረዋል። ቀድሞ የመምታቱ ተራ በተለመደው የጌሙ ደንብ የተጫዋቹ ሆኖ ሳለ፣ ሳንስ ደንቡን ጥሶ ራሱ ይቀድማል። ዜማው የሚነሳው በዚህን ጊዜ ነው። «ሜጋሎቫኒያ» ይባላል።

እንግዲህ «ምን ነካችሁ» ላለን አንባቢያችን የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው። እጁ በደም ያልተነከረ ሰው ጌሙን ሲጫወት ያንን ዜማ አይሰማም። ዜማው ጌጥ አይደለም፣ ፍርድ ነው። ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህን ካላነበበ ምን ሊያነብ ነው? ከአዳራሹ ጫፍ የቆመው አጽም በእኛ ክፍል «የትራጄዲ ባህርያት» እየተባለ ከተነገረን ብዙ ነገር ይልቅ ትራጄዲን አስረድቶናል።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንንገር። ዜማው ለዚህ ጌም አልተደረሰም። ቶቢ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ገና ልጅ ሳለ፣ «ኧርዝባውንድ» የሚባለውን የጃፓን ጌም እየለዋወጠ ለሠራው ሥራ ማብቂያ ቦስ ያዘጋጀው ነበር። ስሙም ቢሆን ዮኮ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1994 ለወጣው «ላይቭ ኤ ላይቭ» ለተባለ ጌም ከደረሰችው «ሜጋሎማኒያ» ከተሰኘ የቦስ ዜማ የመጣ ነው። ይህን ያወቀ አንድ ጓዳችን «እንግዲያው ፍርድ ምናምን የምትሉት ራሳችሁ የለጠፋችሁት ነው» ብሎ ሊያፈርሰን ሞከረ። አላፈረሰንም። የሠርግ ዘፈን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ስትሸኝ ቢዘፈን እናት ታለቅሳለች፤ ዘፈኑ ለሠርግ ነው የተደረሰው ብሎ እናቲቱን የሚቆጣ ማነው? እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በቫቲካን፣ በሮማው ጳጳስ በፍራንሲስ ፊት፣ የሰርከስ ሰዎች በዚህችው ዜማ ትርዒት አሳይተዋል። እዚያ ፍርድ አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። ዜማ የተቀመጠበትን ቦታ ይመስላል።

አሁን ወደ ክርክሩ።

መብራት የጠፋው ተጫዋቹ ሳንስን ለአሥራ ምናምነኛ ጊዜ ተዋግቶ ሊሸነፍ ሲል ነው። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነው፤ ሶኬቱ ኮረንቲ ሲያጣ እሱም አብሮ ይጠፋል። ጨለማ ሆነ። ቡና ያሰጣ ሁሉ የሚረግመው ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከሞያሌው መንገድ የአይሱዙ ድምፅ ይመጣል። ከላይኛው አልጋ አንዱ ዜማውን በአፉ ጀመረው። ሌላው የአልጋውን ብረት እየመታ ተቀበለው። አልገጠሙም። እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም አልገጠሙም። የሚመታው «ምቱ ሰባት ነው፣ ጎዶሎ ነው» አለ። የሚያዜመው «ሙሉ ነው፣ አራት በአራት ነው» አለ። ከታችኛው አልጋ ሦስተኛ ድምፅ «ባካችሁ ጩኸት ነው፣ ተኙ!» አለ።

ማናችንም ሙዚቃ አልተማርንም። ግን ቀለም መቁጠር እናውቃለን። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም እንደሆነ፣ ስድስት ስድስት ሆኖ እንደሚከፈል፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት እያለ እንደሚሄድ በጣታችን እየቆጠርን ነው ፈተና ያለፍነው። ስለዚህ ዜማውንም በጣታችን ቆጠርነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ፈጀብን፤ በማግሥቱም ፈተና ነበረን።

የተገኘው ይህ ነው። አንዱ ዙር 16 ትንንሽ ምት አለው፤ በልኩ ሲጫወት 16ቱም በሁለት ሴኮንድ ያልቃሉ። በእነዚህ ላይ ዐሥር ድምፆች ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዳቸው የሚቆዩትም እንዲህ ነው፤ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1። ደምሩት፣ 16 ይመጣል። ሰባት ነው ያለው ጓዳችን ታዲያ ዋሽቷል? አልዋሸም። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ብቻ ደምሩ፤ 1፣ 1፣ 2፣ 3። ሰባት! ከሁሉም የምትረዝመው አራተኛዋ ድምፅ ስለሆነች፣ ጆሮው እዚያ ላይ ሐረጉ የተዘጋ መሰለውና ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ አዲስ ቆጠረ። አራት በአራት ነው ያለውም ልክ ነው፤ ጠቅላላው 16 ነውና። ስምንት ስምንት ሆኖ ይከፈላል ብሎ የጠበቀ ጆሮ ሰባትና ዘጠኝ ሲመጣበት ይደነቃቀፋል። ደረጃ ስትወርድ አንዱ እርከን ከሌሎቹ ባጠረ ጊዜ እግርህ እንደሚደነግጠው ነው። ሁለቱም ጓዶቻችን እውነት ይዘው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጣሉ፤ እንዲህ ያለ ጠብ በግቢያችን ብርቅ አይደለም።

ጩኸት ነው ላለው የታችኛው አልጋ ጓዳችን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንንገረውና እንለፍ። የቦስ ዜማ ሁሉ በአንድ ቅርጽ አልተሠራም። ኖቡኦ ኡዌማትሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው ለሰባተኛው «ፋይናል ፋንታሲ» የደረሰው የማብቂያ ቦስ ዜማ፣ ለየብቻ የተጻፉ አጫጭር ቁርጥራጮች ኋላ ቅደም ተከተል ተፈልጎላቸው የተገጣጠሙበት ነው፤ የስትራቪንስኪን ሥራ እያሰበ እንደሠራው ራሱ ተናግሯል፣ በላቲን የሚዘምር ኅብረትም አለው። ያ ብዙ ጨርቅ የተጣፈበት ቡትቶ ነው፤ ቡትቶ ስንል ግን ለማቃለል አይደለም። የቶቢ ፎክስ ተቃራኒው ነው። አንዲት ሐረግ ይዞ አይለቃትም። ሁለቱን «ጩኸት» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት መስማት አይደለም፤ እንቅልፍ ነው።

አሁን ድምፆቹን እንይ። የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ይላል፤ ሬ ሬ፣ ከፍ ብሎ የላይኛው ሬ፣ ከዚያ ላ፣ ሶል ሻርፕ፣ ሶል፣ ፋ፣ መዝጊያው ሬ ፋ ሶል። በሁለተኛው ዙር ሁሉም እንዳለ ይደገማል፤ የሚለወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሬ ሬ የነበሩት ዶ ዶ ይሆናሉ። በሦስተኛው ሲ ሲ። በአራተኛው ሲ ፍላት፣ ሲ ፍላት። ሌላው አይነቃነቅም። ላይ ያለው ሰውዬ ያንኑ ቃል ይደጋግማል፣ ከእግሩ ሥር ግን ወለሉ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ እርከን ይሰምጣል። ከመካከላችን የቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ዲያቆን አለ፤ ከላ ወደ ፋ የሚወርደውን ሰምቶ «በእኛ ምልክት ቢጻፍ እዚህ ጋ ድፋት አስቀምጥ ነበር» አለና እጁን ቁልቁል አጠፍ አደረገ። ወለሉን በምን ምልክት እንደሚጽፈው ሲጠየቅ ግን ሳቀ። «እኛ ወለል የለንም» አለ፤ «አንድ ድምፅ ነን»። ይህችን ቃል ያዙልን።

ባቲዎች የተነሱት ከዚህ ነው። ክርክራቸውን አሳንሰን አናቀርብም፤ ብርቱ ክርክር ነው። ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት ከሬ ሲነሳ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ነው። ከላይ የጻፍነውን መልሳችሁ ተመልከቱ፤ አምስቱም አሉ። አራቱ በመጀመሪያው ዙር፣ አምስተኛዋ ዶ በሁለተኛው። ክራር የሚጫወት ጓዳችን በማግሥቱ ስድስቱን ክር በባቲ ቃኝቶ ሲመታው ሁላችንም ጸጉራችን ቆመ። ነጠላ ጫማ ያደረገው አጽም በክራር ሲመጣ ወሎ ገብቶ ያደረ ይመስላል! ከዚያች ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ «ባቲ ነው፣ የኛ ነው፣ ከኛ ነው የወሰዱት» የሚለው ዘመቻ የተጀመረው። አንዱ ጭራሽ በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ «ሳንስ የባቲ ልጅ ነው» ብሎ ጽፏል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ የጻፈው ከልቡ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ክራሩን እስከ መጨረሻው ያልሰማችሁት ለምንድነው? እኛ ክፍሉ ውስጥ ነበርን። በመጀመሪያው ዙር ሶል ሻርፕ ላይ ሲደርስ ክር አልነበረውምና ጓዳችን በአፉ ሞላት። እሺ፣ አንዲት ናት፣ ትለፍ። ሁለተኛው ዙር ሄደ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲ ሲመጣ ክሩ አለቀበት። በአራተኛው ሲ ፍላት ሲመጣ ክራሩን አስቀመጠ። እናንተ እየጨፈራችሁ የወጣችሁት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ነው! ግማሽ ስንኝ ሰምቶ ግጥሙ የኔ ነው የሚል ገጣሚ በእኛ ክፍል ቢገኝ ምን እንደምትሉት እናውቃለን።

ደግሞስ ያቺ በአፍ የተሞላችው ሶል ሻርፕ ማን ናት? የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ የሚጫወት ሁሉ ያውቃታል። ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ የሚሉት አምስቱ ድምፆች እነሱም ቤት አሉ፤ በሶልና በላ መካከል የምትሾልከውን ያችኑ ድምፅ ይጨምሩና «ሰማያዊ» ይሏታል። ስለዚህ በድምፅ ቆጠራ ብቻ ከሄድን ዜማው ከባቲ ይልቅ ለብሉዝ ይቀርባል። አምስቱን ድምፆች ቻይናም ታገኟቸዋላችሁ። አምስት ድምፅ መያዝ ቅኝት መሆን አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነ መዝገበ ቃላት ሁሉ ልቦለድ ነው። ባቲ ባቲ የሚሆነው ድምፆቹ የት ላይ እንደሚያርፉ፣ ከየትኛው ወደየትኛው እንደሚሻገሩ፣ ዘፋኙ የትኛዋን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ የትኛዋን ነክቶ እንደሚሸሽ ጭምር ነው። ቶቢ ፎክስ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ማድረግም አልፈለገም፤ የፈለገው ወለሉ እንዲሰምጥ ነው።

«ወሰዱብን» የሚለውማ በተለይ ያናድደናል። ሙላቱ አስታጥቄን እንደ ምስክር ስትጠሩ ሰምተናችኋል። መልካም፣ ምስክሩ ይቅረብ። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ፣ በእንግሊዝ አገር ተምሮ፣ አሜሪካ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሸክላዎች ያሳተመ፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ያወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከምን ጋር ነው? ከዚሁ ከወለሉ ጋር ነው! አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ሥር 12ቱን ድምፅ የሚያውቅ ስምምነት ሲገባ፣ ላይ ያለው ቅኝት ጠባዩ ሳይጠፋ እንዴት ይቆያል የሚለው ነው ጥያቄው። ወለሉን ያመጣው ከጃዝ ነው፤ የኛ ነው ብሎ አላጠረውም። «የከርሞ ሰው»ንና የሆራስ ሲልቨርን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» አከታትላችሁ ስሙ፤ መመሳሰሉን ያነሱ አድማጮች ብዙ ናቸው። «ወሰዱብን» የሚለው ሚዛን ቀጥ ብሎ ቢያዝ መጀመሪያ የሚመዝነው የምንወደውን ሰው ነው። እኛ በዚያ ሚዛን ሙላቱን አንመዝንም። እናንተም ተዉት።

እስከዚህ ያለው ጠብ ቀልድ የተቀላቀለበት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው አይደለም።

በዚያ ሁሉ የባቲ ጭፈራ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ጓዳችን ነበር። ከመካከላችን ጌዴኡፋ ከሚናገሩት ከሁለቱ አንዱ ነው፤ አገሩ ከወናጎ ወደ ደጋው ወጣ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን አወጣና «እስቲ ይሄስ?» አለ። ለደራሮ በዓል አገር ቤት ሄዶ የቀዳው ዘፈን ነው። አንድ ሽማግሌ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እስከዚህ የምናውቀው ነገር ነው። ነገር ግን ተቀባዮቹ ሽማግሌው እስኪጨርስ አይጠብቁም፤ ገና ቃሉ ሳያልቅ ከሥሩ ይገባሉ። ሲገቡም እሱ ያለበት ድምፅ ላይ አይገቡም። የሴቶቹ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ለጥቂት ጊዜ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ ይሄዳል፣ እግር መሬቱን ይመታል፣ ከዚያ ሽማግሌው እንደገና ብቻውን ይወጣል። ከኋላ ልጅ ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮኻል። ቀረጻው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ክራሩ መጣ። በባቲ ተቃኘ፣ አልገባም። በትዝታ ተቃኘ፣ አልገባም። አምባሰልም አንቺ ሆዬም ተሞከሩ፤ እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ይነካውና ያመልጠዋል። አራቱም አለቁ። ይህን ጊዜ ከባቲዎቹ ሁሉ ድምፁ የሚልቀው ወንድማችን፣ ስሙን አንጽፍም፣ ቃሉን ግን እንጽፋለን፣ «እንግዲያው ቅኝት የለውም ማለት ነው፤ ዝም ብሎ ሆ ማለት ነው» አለ።

ማንም ምንም አላለም። ያ ጓዳችን ስልኩን ኪሱ ከተተና «ለአጽሙ ግን አላችሁት» ብሎ ወጣ።

እኛም ዝም ካሉት መካከል ነበርን። ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ድሮ ለማስመሰል ይደረግ እንደነበር ታላላቆቻችን ሲያወሩ ሰምተናል፤ ይሁንና እዚህ ላይ ሌላ ቃል አላገኘንለትም። ሦስት ዓመት ዲላ ኖረናል። ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ ነው የመጣነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የኛ ነው ብለን ለጥፈናል፣ ትክል ድንጋዮቹ ሥር ፎቶ ተነሥተናል፣ የይርጋጨፌ ቡና ለዘመድ ልከናል። በቋንቋው ግን ከሰላምታ አላለፍንም። አንድ አሜሪካዊ ልጅ ለዲጂታል አጽም የደረሰውን ዜማ በጨለማ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን ምት በምት ቆጠርን፤ የክፍል ጓደኛችን አያቶች ለሚዘፍኑት ግን ሩብ ሰዓት በቂ ሆኖ አገኘነው። የተጠቀምንበትም መለኪያ አራት ቅኝት ነው። ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ባቲ ደግሞ ሌላ 400 ገደማ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ እንግዳ ባለቤቱን ቤትህ ቤት አይደለም ሲለው ቆመን ሰማን።

ባቲዎች «የኛ» የሚሉት ቃል እዚህ ላይ ተጋለጠ። ከአሜሪካ ሲሆን «የኛ» ሰፊ ነው፤ ከቶቢ ፎክስ ላይ አንድ ዜማ ለመንጠቅ ኢትዮጵያ በሙሉ ይሰለፋል። ወናጎ ሲደርስ ግን ይጠባል፤ አራት ክፍል ያላት ጎጆ ይሆንና ለጎረቤት ቦታ የለም ይባላል። እኛ የምንቃወመው ባቲን አይደለም። ባቲን እንወዳለን፤ ያ ክራር ሲመታ ጸጉራችን የቆመው የእውነት ነው። የምንቃወመው ስም ሲያገኙ መስማት ማቆምን ነው። «ባቲ ነው» ካላችሁ በኋላ ሦስተኛውን ዙር አልሰማችሁም። «ቅኝት የለውም» ካላችሁ በኋላ ሁለተኛውን ደቂቃ አልሰማችሁም። ስሕተቱ ያው አንዱ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰው አስከፍቷል።

«የብዙ ድምፅ ዘፈን የእኛ ባህል አይደለም፤ እኛ ባንድ ድምፅ ነን» የሚልም ተነስቷል። የዲያቆኑን ቃል ነው የያዘው፤ ዲያቆኑ ግን የተናገረው ስለ ያሬድ ዜማ ነው፣ ስለ አገሩ ሁሉ አይደለም። ከዚህ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ በጋሞ ደጋ፣ የዶርዜ ሰዎች ብዙ ድምፅ አንዱን ከሌላው እያጠላለፉ ይዘፍናሉ። የውጭ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጥተው ቀድተው፣ ድምፁን ለይተው፣ በሸክላ አሳትመውታል። ሽመናቸውን ሽሮ ሜዳ ሄደን እንገዛለን፤ ዘፈናቸውን ግን ፓሪስ ያለ ሰው ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሜጋሎቫኒያን ሰምታችሁ «ወለሉ ሲሰምጥ ላይኛው ይቆያል» ብላችሁ የተደነቃችሁ ሁሉ፣ ድምፅ ከድምፅ ሥር ሲሄድ መስማት ችላችኋል ማለት ነው። ጆሮው አላችሁ። ለአጽም የሠራ ጆሮ ለሽማግሌው የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ካፌ ደጃፍ ላይ ያስቆመን አንባቢያችንም እዚህ ድረስ ካነበበ፣ ስለ ጌም ብቻ እንዳልጻፍን አይቷል። ስለ ጌምም ብቻ ብንጽፍ ግን አናፍርም ነበር።

ጓዳችን በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቅነው፤ «እሺ» አለ፤ ከዚያ በላይ አላለም፣ ስልኩን ግን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እንደዚያኛው ሌሊት በጣት መቁጠር ጀመርን። የሽማግሌው ክፍል ቶሎ ተገኘ። ተቀባዮቹ የሚገቡበት ቦታ ግን አስቸግሮናል፤ ከሚያወጣው ቃል ስድስተኛው ምት ላይ ነው የሚሉ አሉ፣ ሰባተኛው ላይ ነው የሚሉ አሉ፣ ጠቅላላ ዙሩም ለአንዱ 12፣ ለሌላው 10 ይመጣለታል። ሴቶቹ የሚገቡበትን እስካሁን ማናችንም አልያዝነውም። ጓዳችንን ስንጠይቀው «እኔ ስዘፍነው እንጂ ስቆጥረው አላውቅም» አለና ተነሥቶ በእግሩ ያሳየን ጀመር፤ ጠባቂው መጥቶ ከታች ያሉት መተኛት አልቻሉም ስላለ አቋረጥነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር እንቀጥላለን። ክራሩ ሳይቃኝ ይመጣል። ባቲዎችም ኑ፤ እግር የሚመታ ሰው ያንሰናል።